ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ቴትራሳይክሊንና ሰልፋሜቶክሳዞልን ከፍሳሽ ለማውጣት የትኛው ማዕድን ይሻላል?

ጠብታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂያዊ ማከሚያ አልፎ በሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ የቀረን አንቲባዮቲክ በማዕድን ስለመያዝ ነው ጥያቄዬ። ውሃው ፒኤች 7.8 ነው። በሊትር 80 ሚሊግራም ካልሲየም፣ 8 ሚሊግራም ገደማ የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን አለው፤ አልካላይነቱ (አሲድን የማምከን አቅሙ) እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 250 ሚሊግራም ነው። በርዕሱ ላይ ያሉት ሦስቱ መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው በሊትር ወደ 10 ማይክሮግራም ይገኛሉ።

ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ ሲፕሮን (ሲፕሮፍሎክሳሲንን) በግራም እስከ 300 ሚሊግራም ይይዛል የሚል ቁጥር ደጋግሜ አነባለሁ። በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ ያ ቁጥር ይሠራል? ዚዮላይትስ? ኮለም (ማዕድን የተሞላና ውሃ የሚያልፍበት ቱቦ) ይሻላል ወይስ ዱቄቱን ከውሃው ጋር አዋህዶ ማዝቀጥ? ያገለገለው ሸክላስ ምን ይደረጋል?

ሸክላ_አዋቂ፦
ማዕድኑን ከመምረጥዎ በፊት የመድኃኒቶቹን ቻርጅ ይመልከቱ። የቤንቶናይት ዋና ማዕድን የሆነው የሞንትሞሪሎናይት ንብርብሮች ቋሚ ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው፤ ፖዘቲቭ የሆነውን ይስባሉ፣ ኔጌቲቭ የሆነውን ይገፋሉ።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ሁለት ፒኬኤ (ቻርጁ የሚለወጥበት ፒኤች) አለው፣ 6.1 እና 8.7። ከ6.1 በታች በአብዛኛው ካታዮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው) ነው። በሁለቱ መካከል በአንድ ሞለኪውል ላይ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ይሸከማል፣ ከ8.7 በላይ አናዮን (ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው) ይሆናል። በእርስዎ 7.8 ላይ ንጹሕ ካታዮኑ 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው፣ አናዮኑ 11 በመቶ ገደማ፣ ቀሪው ሁለቱንም ቻርጅ የያዘው ነው። ይህኛውም በአሚን ጫፉ በኩል ሸክላው ላይ ይያዛል፣ ነገር ግን እንደ ካታዮኑ አይጠብቅም።

ቴትራሳይክሊን 3.3፣ 7.7 እና 9.7 ላይ ይለወጣል። ከካልሲየም፣ ከማግኒዥየም፣ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጥብቆ ስለሚተሳሰር ካልሲየሙ በሸክላውና በመድኃኒቱ መካከል ድልድይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጠንካራ (ካልሲየምና ማግኒዥየም በበዛበት) ውሃ ውስጥ እንደ ሲፕሮ አይጎዳም። እንደ ጎታይት ያሉ የብረት ኦክሳይዶችም በደንብ ይይዙታል፤ ውሃው ብዙ ፎስፌት ካለው ግን ቦታውን ይሻማቸዋል።

ሰልፋሜቶክሳዞል ሁለተኛው ፒኬኤው 5.7 ነው። በ7.8 ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም አናዮን ስለሆነ ተራ ቤንቶናይት እዚያ ላይ ምንም ያህል አይረዳም። ይህን ከመጀመሪያው ቢያውቁት ብዙ ሙከራ ይቀርልዎታል።

ሚዛን፦
ስለ 300 ሚሊግራሙ። ያ ቁጥር የሚመጣው ከካታዮን ልውውጥ አቅም ነው፤ ሸክላው ሊይዝ ከሚችለው የፖዘቲቭ ቻርጅ መጠን ማለት ነው። የሞንትሞሪሎናይት አቅም በ100 ግራም ከ70 እስከ 120 ሚሊኢኩቫለንት (የቻርጅ መጠን መለኪያ) ነው። 90 ብለን ብንወስድ በግራም 0.9 ሚሊሞል ይሆናል፤ በሲፕሮ ሞለኪውላዊ ክብደት በ331 ሲባዛ 298 ሚሊግራም። ማለትም ጣሪያው ነው። እዚያ የሚደረሰው በተጣራ ውሃ ውስጥ፣ በሊትር በመቶዎች ሚሊግራም መድኃኒት ሲጨመር ነው።

በእርስዎ ውሃ ውስጥ 10 ማይክሮግራም ሲፕሮ ማለት 0.03 ማይክሮሞል ነው። 80 ሚሊግራም ካልሲየም ደግሞ 2,000 ማይክሮሞል። ለአንድ የሲፕሮ ሞለኪውል ከ66,000 በላይ የካልሲየም አዮኖች ቦታ ይሻማሉ። ሲፕሮ ትልቅና ጠፍጣፋ ሞለኪውል ስለሆነ ሸክላው ከካልሲየም ያስበልጠዋል፣ ሆኖም ከዚህ ሁሉ ተፎካካሪ ጋር በግራም 300 ሚሊግራም አይታሰብም። እናንተ ዘንድ የሚጠቅመው ጣሪያው ሳይሆን የክፍፍል ቁጥሩ ነው፤ በአንድ ግራም ሸክላ ላይ የተያዘው መጠን በውሃው ውስጥ ለቀረው ክምችት ሲካፈል የሚገኘው፣ በሊትር በግራም የሚለካው። እሱንም በራሳችሁ ውሃ፣ በማይክሮግራም ደረጃ መለካት ያስፈልጋል። ከሚሊግራም ደረጃ ወደ ታች በስሌት መውረድ አያስተማምንም፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ላይሆን ይችላል።

ጠብታ፦
አመሰግናለሁ፣ ግልጽ ነው። ፒኤቹን ወደ 6 ብናወርድስ? የዚዮላይትን ጥያቄም እንዳትረሱብኝ።

ሚዛን፦
6.0 ላይ ካታዮኑ ወደ 56 በመቶ ይደርሳል፣ ስለዚህ መያዙ ይሻሻላል። ዋጋውን ግን አስሉት። 250 ሚሊግራም አልካላይነት 5 ሚሊኢኩቫለንት ነው። 6.0 ለመድረስ ከዚህ 69 በመቶውን፣ ማለትም 3.5 ያህሉን፣ በአሲድ ማጥፋት አለባችሁ። በሊትር 170 ሚሊግራም ገደማ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጃል። የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲተን ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል፤ ገንዳው ክፍት ከሆነ ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ፒኤች አታገኙም። ለትንሽና ለተጠራቀመ ፍሳሽ ያዋጣል፣ ለትልቅ ፍሰት ግን ሸክላውን መጨመር ይቀላል።

ሸክላ_አዋቂ፦
ዚዮላይት፦ ክሊኖፕቲሎላይት የልውውጥ አቅሙ ትልቅ ነው፣ በንድፈ ሐሳብ በግራም 2 ሚሊኢኩቫለንት ይደርሳል። ችግሩ ቀዳዳዎቹ ናቸው። ስፋታቸው ከ0.3 እስከ 0.7 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ አሞኒየም ይገባል፣ ሲፕሮና ቴትራሳይክሊን ግን ደጅ ይቀራሉ። የሚሠራው የቅንጣቱ ውጫዊ ገጽ ብቻ ነው። ካኦሊናይት የተባለው ሸክላም አቅሙ በ100 ግራም ከ3 እስከ 15 ሚሊኢኩቫለንት ብቻ ነው። ሞንትሞሪሎናይት የሚበልጣቸው ንብርብሮቹ ተከፍተው ሞለኪውሉን መሐል ስለሚያስገቡት ነው። ይህን በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ማረጋገጥ ይቻላል፣ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ንጽጽሩ ትክክል እንዲሆን መድኃኒት የያዘውም ያልያዘውም ናሙና በአንድ ዓይነት ሁኔታ መድረቅ አለባቸው፤ የእርጥበት ልዩነት ብቻውን ከ12.5 ወደ 15 አንግስትሮም ያሳድገዋል።

የላብራቶሪ_ጠረጴዛ፦
ስለ አዘገጃጀት ልጨምር፣ ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ጥሬ ቤንቶናይት ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ካርቦኔት ይዞ ይመጣል። ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ከፈላ ካርቦኔት አለ። በ1 ሞላር ሶዲየም አሲቴት ባፈር፣ ፒኤች 5 ላይ፣ አረፋው እስኪቆም ያጥቡት። ጠንካራ አሲድ ግን አይጠቀሙ፣ ከንብርብሩ ውስጥ አሉሚኒየም ያወጣል። ከዚያ 50 ግራሙን በ2.5 ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጠው ሌሊቱን ያማስሉት። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 8 ሰዓት ሲያርፍ ከላይ ባለው 10 ሴንቲሜትር ውስጥ የሚቀረው ከ2 ማይክሮሜትር ያነሰው ነው፤ ዝቃጩን ሳይነኩ በቱቦ ይቅዱት።

ወደ ሶዲየም ዓይነት ለመቀየር በ1 ሞላር የሶዲየም ክሎራይድ ውሃ ሦስት ጊዜ ያጥቡ። ጨውን ሲያስወግዱ፣ የብር ናይትሬት ጠብታ ውሃውን እስከማያነጣው ድረስ ይቀጥሉ። ጨው እየቀነሰ ሲሄድ ሸክላው ይበተንና መዝቀጥ እምቢ ይላል፤ ያኔ የዲያሊሲስ ከረጢት ወይም ጠንካራ ሴንትሪፊውጅ ያስፈልጋል። በ60 ዲግሪ አድርቀው በ75 ማይክሮሜትር ወንፊት ያሳልፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የልውውጥ አቅሙን በአሞኒየም አሲቴት ከለካችሁና ካርቦኔቱ ካልወጣ፣ የሚሟሟው ካልሲየም አቅሙን ከእውነቱ በላይ ያሳያል። የመዳብ ትራየቲሊንቴትራሚን ዘዴ እዚህ ይሻላል።

የፍሳሽ_ኢንጂነር፦
ይህ ለምርምር ትክክል ነው። ለማከሚያ ጣቢያ ግን ጥሬውንም አብራችሁ ፈትሹ። የሶዲየም ቤንቶናይት 2 ሚሊሞል ካልሲየም ባለው ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱ ወደ ካልሲየም ዓይነት ይለወጣል። በላብራቶሪ የተገኘው የሶዲየም ጥቅም በገንዳው ውስጥ አይቆይም።

የላብራቶሪ_ጠረጴዛ፦
ትክክል፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን መሞከር ነው። እንግዲህ ፈተናው ራሱ።

የእናት ፈሳሹን (እየቀጠነ የሚወሰድበትን ወፍራም የመድኃኒት ፈሳሽ) ሲያዘጋጁ ጨዉን ያስሉ። የሲፕሮ ሃይድሮክሎራይድ ሞኖሃይድሬት ክብደቱ 385.8 ነው፣ ስለዚህ በሊትር 1 ግራም ሲፕሮ ለማግኘት በ100 ሚሊሊትር 116.4 ሚሊግራም ይመዘናል። ለቴትራሳይክሊን ሃይድሮክሎራይድ 108.2 ሚሊግራም። ሰልፋሜቶክሳዞል በውሃ በደንብ አይሟሟም፣ በሜታኖል ይሟሟ፤ በፈተናው ቱቦ ውስጥ የሚደርሰው ሜታኖል ከ0.1 በመቶ አይብለጥ። ቴትራሳይክሊን በብርሃን ይበላሻል፣ ቱቦዎቹ በፎይል ይጠቅለሉ፣ እናት ፈሳሹም ትኩስ ይሁን።

20 ሚሊግራም ሸክላ በየቱቦው መመዘን ስሕተቱ ብዙ ነው። በሊትር 10 ግራም የሆነ ብጥብጥ አዘጋጅተው፣ እየተማሰለ ሳለ 2 ሚሊሊትር በፒፔት ወደ 38 ሚሊሊትር ውሃ ይጨምሩ፤ በሊትር 0.5 ግራም ይሆናል። የፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ይጠቀሙ፣ ሲፕሮና ቴትራሳይክሊን መስታወት ላይ ይለጠፋሉ። 24 ሰዓት ያናውጡ፣ ምንም እንኳ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢያዝም። እያንዳንዱ ፈተና በሦስት ቱቦ ይሁን።

ሁለት መቆጣጠሪያዎች ፈጽሞ አይቀሩም፦ መድኃኒት ያለ ሸክላ፣ ሸክላ ያለ መድኃኒት። የመጀመሪያው በብርሃን፣ በሃይድሮሊሲስ (በውሃ በመፍረስ) እና በቱቦው ግድግዳ የጠፋውን ያሳያል። ሁለተኛው የሸክላ ብናኝ የስፔክትሮፎቶሜትሩን ንባብ ምን ያህል እንደሚያጣምም ያሳያል። ሲፕሮ በ275፣ ቴትራሳይክሊን በ360 ናኖሜትር አካባቢ ይነበባሉ፤ በዓይን የማይታይ ብናኝ እዚያ ላይ ብርሃን ይበትናል። 0.01 ሞላር የካልሲየም ክሎራይድ መነሻ ጨው ብናኙን ያዘቅጠዋል፣ ነገር ግን ውድድሩን ስለሚቀይር በሁሉም ቱቦ ውስጥ እኩል መሆን አለበት። በራሳችሁ ፍሳሽ ስትፈትሹ ውሃው የራሱ ካልሲየም ስላለው ይህ አያስፈልግም።

የናይሎን ማጣሪያም መድኃኒቱን ይይዛል። ሸክላው የያዘው የመሰለው በማጣሪያው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሴንትሪፊውጅ ቀዳሚ ምርጫ ነው፤ ማጣሪያ ግዴታ ከሆነ መጀመሪያ ያለ ሸክላ ፈትሹት፣ የመጀመሪያዎቹን 5 ሚሊሊትሮች ድፉ።

በመጨረሻም ፒኤችን መለካት ያለባችሁ ሲጀመር ብቻ ሳይሆን ሲያልቅም ነው። የሶዲየም ቤንቶናይት በተጣራ ውሃ ፒኤቹን ወደ 9 እና 10 ይገፋዋል። ያኔ ሲፕሮው አናዮን ይሆንና ሸክላው ደካማ ይመስላል።

ጠብታ፦
ይህን አትመን ጠረጴዛው ላይ እንለጥፈዋለን። የመለኪያ መሣሪያውስ? እኛ ስፔክትሮፎቶሜትር ብቻ ነው ያለን።

ሚዛን፦
በማይክሮግራም ደረጃ አይሆንም። ለ10 ማይክሮግራም ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ከጥንድ ማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ያስፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ መድኃኒት በአይሶቶፕ የተለየ የውስጥ መለኪያ ተጨምሮበት። ናሙናው ወደ ፒኤች 3 አካባቢ ወርዶ ኢዲቲኤ (ብረት ነክ አዮኖችን የሚይዝ ውሕድ) ካልተጨመረበት ቴትራሳይክሊኑ ከካልሲየም ጋር እንደተሳሰረ ያልፍና የሌለ ይመስላል። በስፔክትሮፎቶሜትር የቅድሚያ ምርጫ ማድረግ ትችላላችሁ፣ በሊትር ከ1 እስከ 20 ሚሊግራም ባለው ውስጥ። የመጨረሻውን ውሳኔ ግን በእሱ አትስጡ።

የፍሳሽ_ኢንጂነር፦
ኮለም ወይስ ዱቄት? የቤንቶናይት ዱቄት ኮለም ውስጥ አይገባም። ከ5 እስከ 10 በመቶ ቤንቶናይት የተቀላቀለበት አሸዋ የቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ወለል ውሃ እንዳያሳልፍ የሚደረግበት ድብልቅ ነው። በኮለም ውስጥም ያንኑ ያደርጋል፤ ያብጣል፣ ይዘጋል፣ ወይም ውሃው በአንድ ቀዳዳ ብቻ ይወርዳል።

ኮለም ግዴታ ከሆነ ሸክላው በእንክብል መልክ ተሠርቶ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ይተኮስ። እብጠቱ ይቀንሳል፣ አቅሙም አብሮ ይቀንሳል፣ ግን ውሃ ያሳልፋል። 700 ዲግሪ ካለፈ ንብርብሩ ይፈርሳል፣ የልውውጥ አቅሙም ያበቃል። የኮለሙ ስፋት ከእንክብሉ ቢያንስ 20 እጥፍ ይሁን፤ ካልሆነ ውሃው በግድግዳው በኩል ያመልጣል። ሲሞላ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ይሁን፣ አየሩ እንዲወጣ።

እኔ ግን ዱቄቱን መርጣለሁ። የውሃው ጥንካሬ ራሱ ሸክላውን ለማዝቀጥ ይረዳል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ሸክላው መጀመሪያ ይግባ፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይደባለቅ፣ ፌሪክ ክሎራይድ ወይም አሉም ከዚያ በኋላ። አብረው ከገቡ የብረቱና የአሉሚኒየሙ ባለብዙ ቻርጅ አዮኖች የሸክላውን ቦታ ቀድመው ይይዙታል።

ማይክሮ_ባዮ፦
ዒላማችሁ ምንድን ነው? ይህ ሳይታወቅ መጠን ማስላት አይቻልም። የባክቴሪያ መላመድን (መድኃኒትን መቋቋማቸውን) ላለማበረታታት በ2016 የታተሙት የገደብ ግምቶች ለሲፕሮ በሊትር 0.064 ማይክሮግራም፣ ለቴትራሳይክሊን 1፣ ለሰልፋሜቶክሳዞል 16 ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለአንቲባዮቲክ ፋብሪካዎች ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ መመሪያ አውጥቷል።

ከ10 ማይክሮግራም ስትነሱ ለሲፕሮ 99.4 በመቶ ማስወገድ አለባችሁ። ለቴትራሳይክሊን 90 በመቶ ይበቃል። ሰልፋሜቶክሳዞል ከመላመድ አንጻር አስቀድሞ ከገደቡ በታች ነው፤ ለአልጌና ለመሰል ፍጥረታት የሚሰላው ገደብ ግን ዝቅ ስለሚል ጨርሶ አይተውም።

ንብርብር፦
ለሰልፋው መፍትሔ አለ። ሸክላውን በሄክሳዴሲልትራይሜቲልአሞኒየም ብሮማይድ መቀየር ይቻላል። አቅሙ በግራም 0.9 ሚሊኢኩቫለንት የሆነ 100 ግራም ሸክላ ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን 90 ሚሊሞል፣ ማለትም 32.8 ግራም ይፈልጋል። በ60 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ አሟሙቶ፣ ሸክላውን ጨምሮ፣ አማስሎ፣ ብሮማይዱ እስኪጠፋ ማጠብ ነው። ኦርጋኒክ የሆነው ንብርብር አናዮኑን ይይዛል።

ማይክሮ_ባዮ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ያ ውሕድ ኳተርነሪ አሞኒየም ነው፣ ራሱ ጸረ ባክቴሪያ ነው። ጥቂቱም ቢሆን ከሸክላው እያፈሰሰ ወደ ውሃው ይገባል። ለዓሣ መርዝ ነው፤ ባክቴሪያም ለእሱ የሚላመዱባቸው ጂኖች ከአንቲባዮቲክ መላመጃ ጂኖች ጋር አብረው ሲጓዙ ይገኛሉ። መላመድን ለመከላከል በገባ ሥርዓት ውስጥ ይህን መጨመር ዓላማውን ያፈርሳል።

ንብርብር፦
ጭነቱ ከአቅሙ 70 በመቶ ካላለፈና በደንብ ከታጠበ መፍሰሱ በእጅጉ ይቀንሳል። ግን ነጥብዎ ትክክል ነው፤ የሚወጣው ውሃ ሳይለካ መጠቀም አይገባም። ሌላው አማራጭ የማግኒዥየምና የአሉሚኒየም ድርብ ሃይድሮክሳይድ ነው፣ በ3 ለ1፣ በፒኤች 10 ተዘቅጦ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ የተተኮሰ። ውሃ ሲያገኝ ንብርብሩን መልሶ ሲሠራ አናዮን ያስገባል።

ሸክላ_አዋቂ፦
የጠያቂው ውሃ 5 ሚሊኢኩቫለንት ባይካርቦኔት አለው። የተተኮሰው ድርብ ሃይድሮክሳይድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስገባው ካርቦኔትን ነው። ለሰልፋ የገቢር ከሰል ይጠቀሙ፤ ማዕድን ሁሉን መሥራት የለበትም። ሸክላው ከፊት፣ ከሰሉ ከኋላ ቢሆን የእያንዳንዱ ድርሻ ይለያል።

ጠብታ፦
እሺ፣ ለሲፕሮ እናተኩር። የክፍፍል ቁጥሩ በእኛ ውሃ በግራም 10 ሊትር ቢወጣ ስንት ሸክላ ያስፈልጋል?

ሚዛን፦
ለአንድ ገንዳ፦ የመግቢያው ክምችት ለመውጫው ሲካፈል አንድ ሲደመር የክፍፍሉ ቁጥር በሸክላው መጠን ተባዝቶ ነው። 10 ለ0.064 ሲካፈል 156.25። አንድ ተቀንሶ ለ10 ሲካፈል በሊትር 15.5 ግራም። ይህ የማይሆን ነገር ነው፣ ውሃው ጭቃ ይሆናል።

በሁለት ተከታታይ ገንዳ፣ በየገንዳው አዲስ ሸክላ ከተጨመረ፣ እያንዳንዱ 12.5 እጥፍ መቀነስ ብቻ ይጠበቅበታል። ለየገንዳው 1.15 ግራም፣ በድምሩ 2.3 ግራም። በሦስት ገንዳ ለየራሱ 0.44 ግራም፣ በድምሩ 1.3 ያህል። ልዩነቱን ተመልከቱት፤ አንድ ገንዳ መጨመር ብቻውን ብዙ ሸክላ ያተርፋል። ቁጥሩ 1 ሊትር ብቻ ከወጣ ግን በሦስት ገንዳም 13 ግራም ስለሚደርስ፣ ሸክላውን ትቶ ወደ ከሰል ወይም ወደ ኦዞን መሄድ ነው።

የፍሳሽ_ኢንጂነር፦
2.3 ግራም ማለት በኪዩቢክ ሜትር 2.3 ኪሎ ደረቅ ዝቃጭ ነው፣ እርጥቡ ብዙ እጥፍ። የማድረቂያ ፕሬሱን አቅም ከአሁኑ አስሉ፤ ብዙ እቅድ የሚቆመው እዚህ ነው።

ማይክሮ_ባዮ፦
ዝቃጩን ማሳ ላይ አትበትኑ። ፒኤቹ ወይም የጨው መጠኑ ሲቀየር የተያዘው ይለቀቃል። ሳይለቀቅም በአፈር ላይ የተለጠፈ ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን መግታት እንደሚችል በ2005 በታተመ ሥራ ታይቷል። ሸክላ ዲኤንኤንም ይይዛል፣ ከሚያፈርሱት ኤንዛይሞችም ይከልለዋል፤ የመላመጃ ጂኖቹ እዚያው ሊቆዩ ይችላሉ።

ሸክላ_አዋቂ፦
በአሲድ ማጠብ መድኃኒቱን በከፊል ወደ ሌላ ፈሳሽ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ፣ በቂ አየር ባለበት ምድጃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ማቃጠል ሞለኪውሉን ያጠፋል፤ የካልሲየም ሸክላ በየዙሩ ጥቂት አቅም ያጣል፣ አየር ካነሰም ከሰል ንብርብሩ መሐል ይቀራል። እንደገና መጠቀም ካልታሰበ በሲሚንቶ ምድጃ ማቃጠል ንጹሑ መንገድ ነው፣ ሲሊካውና አሉሚናው እዚያው ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

ጠብታ፦
የመጀመሪያው ፈተና ጥሬ የካልሲየም ቤንቶናይት በራሳችን ፍሳሽ፣ በ0.25፣ በ0.5፣ በ1 እና በ2 ግራም፣ ያለ አሲድ ይሆናል። ናሙናዎቹን ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር እንልካለን።

የላብራቶሪ_ጠረጴዛ፦
ፍሳሹን መጀመሪያ በመስታወት ክር ማጣሪያ አሳልፉት፣ መድኃኒት የተሸከመው የባክቴሪያ ዝቃጭ ከሸክላው ጋር እንዳይደባለቅ። ከያዛችሁት ሸክላ ላይም መድኃኒቱን መልሳችሁ አውጥታችሁ ለኩ፤ ለሲፕሮ የማግኒዥየም ናይትሬትና የአሞኒያ ውሃ፣ ለቴትራሳይክሊን የማክኢልቬይን ባፈር ከኢዲቲኤ ጋር። ከውሃው የጠፋውና ከሸክላው የተገኘው ካልተቀራረቡ፣ ቱቦው፣ ብርሃኑ ወይም መሣሪያው ነው የወሰደው።